አጎቴ ሳሚ «የተፈታበት» ሰመር

ባለፈው ሳምንት፣ ዴንቨር አጠገብ እንግልውድ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ፣ አዲስ ወደ ገቡ አንድ ሽማግሌ ክፍል ስገባ በሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ሽማግሌው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በቅባት ያሻሉ። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ዓይን የሚያስነባ የሜንቶል ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። ምን ሆንሽ ብለው ጠየቁኝ። ምንም አልኳቸው። መድኃኒታቸውን ሰጠኋቸው፣ ውሃቸውን ቀዳሁላቸው፣ ከዚያም ሥራ እንዳለበት ሰው መጋረጃውን እያስተካከልኩ ትንሽ ቆየሁ።

ለእኔ ያ ሽታ የአጎቴ የሳሚ የግራ ትከሻ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ኦሮራ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለው አፓርትማችን ሳሎን ውስጥ ሳሚ ካናቴራውን አውልቆ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ እጁ የማይደርስበትን የትከሻውን ጀርባ በሁለት ጣቴ እቀባለታለሁ። አንድ ቀን ጣቴን ሳልታጠብ ዓይኔን አሽቼ ስጮህ እማዬ ከነሳሙናዋ ከሻወር ሮጣ ወጥታ ነበር። ሳሚ ፊቴን እያጠበልኝ፣ ይቅርታ ብሌኔ፣ ይቅርታ ብሌኔ ይላል፤ ያጠፋሁት እኔ ሆኜ።

ሳሚ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አብረውን የሚኖሩትን አያቴን አባባ እንላቸዋለን። አባባ ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ኦሮራ ሲገቡ እማዬ አስራ ስድስት፣ ሳሚ አራት ዓመታቸው ነበር። ስለዚህ ለሳሚ እህቱ ግማሽ እናቱም ነበረች። አባባ አየር ማረፊያ ገብተው መራመድ የሚያቅታቸውን መንገደኞች በተሽከርካሪ ወንበር የመግፋት ሥራ ያዙ፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ጊዜም ያንኑ ሥራ፣ እዚያው፣ ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝግ ይል ነበር፤ የሚኮሩበት ነገር እሱ ብቻ ይመስል።

የሳሚ ሥራ ቤዝቦል ነበር። ፒቸር ነው፤ ዱላ ይዞ ለቆመው ሰው ኳሱን የሚወረውረው። እንዴት እንደጀመረው በቤታችን ብዙ ጊዜ ሲወራ ሰምቻለሁ። አስራ አንድ ዓመቱ ላይ በበረዶ ኳስ የትምህርት ቤቱን ቢሮ መስኮት ሰበረ። አባባ ሱፋቸውን ለብሰው፣ እማዬን ለማስተርጎም አስከትለው፣ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። የስፖርት አስተማሪው ግን ስለ መስኮቱ ምንም አላለም። ልጁ ስትወረውር የት ቆመህ ነበር ተብሎ ተጠየቀ፤ አሳየ፤ አስተማሪው ርቀቱን በእርምጃ ለካና ይህን ልጅ ቡድኔ ውስጥ ላስገባው ብሎ ጠየቀ። አባባ ቅጣት መሰላቸው። ሦስት ወር ሙሉ ልጁን በሰዓቱ እያደረሱ ከቆዩ በኋላ እማዬን፣ የሰበረው አንድ መስኮት አይደለም እንዴ፣ መቼ ነው የሚያበቃው ብለው ጠየቋት።

ደግሞ ግራኝ ነው። አባባ ልጁ በግራ እጁ እንዳይጎርስ ማዕድ ላይ እጁን መታ እያደረጉ ነው ያሳደጉት። በቀኙ መብላት ለመደ። መወርወሩን ግን ማንም አላስተወውም፤ ቡድኖች የወሰዱትም በዚያው በግራው ነው።

ሃይስኩል እንደ ጨረሰ አንድ ቡድን ወሰደው። በሚቀጥሉት አስራ ሦስት ዓመታት ዘጠኝ ቡድን ቀያየረ። ከዋናው ሊግ ሥር ብዙ ታናናሽ ሊጎች አሉ፤ ተጫዋቾቹ በአውቶቡስ ከአንዱ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላው እየዞሩ ይጫወታሉ። የሳሚ ኑሮ እዚያ ነበር። ዋናው ሊግ ውስጥ የቆየው አስራ አንድ ቀን ነው። ከየቡድኑ ለእኔ ቲሸርት ይልክልኛል፤ ጉልበቴ ላይ ስለሚደርስ ለብሼው እተኛለሁ። የአሜሪካን ከተሞች ስም ማንበብ የተማርኩት ከራሴ ደረት ላይ ነው፣ ያውም ወደ ታች አቀርቅሬ፣ በግልባጭ።

አንዱ ቡድን ትቶት ሌላው በወሰደው ቁጥር አባባ እማዬን፣ አሁን ደግሞ ምን አድርጎ ነው ብለው ይጠይቋታል። ምንም አላደረገም አባዬ፣ ሥራው እንደዚህ ነው ትላቸዋለች። አባባ ዝም ይላሉ። ዝምታቸው አላመንኩሽም ማለት እንደሆነ እኔም እንኳ አውቅ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ፣ የገና በዓል ሊቃረብ ሲል ሳሚ ክርኑን ኦፕራሲዮን ሆኖ መጣ። አባቴ ረጅም መንገድ የሚነዳ የትራክ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቤት አይገኝም ነበርና ሶፋው ለሳሚ ሆነ። ክንዱ ላይ ከብብቱ እስከ አንጓው የሚደርስ ጥቁር ነገር ታስሯል፤ ክርኑ አጠገብ ቁጥር ያለበት የሚዞር ብረት አለው። ጅማቱ ስለተበጠሰ ሐኪሞቹ በሌላ ጅማት እንደተኩለት ነገረኝ። የማን ጅማት ስለው፣ የሞተ ሰው፣ ሲሞት ሰውነቱን ለሌሎች የሰጠ አለኝ። ለብዙ ቀን ያንን እጅ በጎን በጎን እያየሁ፣ ሰውየው የሚወደውን ነገር እጁ በራሱ ተዘርግቶ ያነሳል ብዬ ጠበቅኩ። ብርጭቆ ሲያነሳ፣ ይኼ ሳሚ ነው ወይስ ሰውየው እላለሁ።

ያ ጥቁር ነገር ግን ሌላ ሐሳብም አሳደረብኝ። በክፍላችን አንዲት ልጅ ነበረች፤ ታላቅ ወንድሟ ከእስር ቤት ወጥቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ፖሊሶች ጥቁር ቀለበት አስረውበት ነበር። ከቤት እንዳይርቅ ነው ብላኛለች። ኋላ ቀለበቱን አወለቁለት፤ ግን በሳምንት ሁለቴ እየሄደ ይፈርም ነበር። በመጨረሻም ሪሊዝ አደረጉት፣ ጨርሰው ለቀቁት ማለት ነው፤ ቤታቸው ኬክ ተቆረሰ። እኔ ይህን ሁሉ በደንብ ይዤዋለሁ። ሳሚም ከቤት አይርቅም። የክንዱን ነገር ጥር ላይ አወለቁለት። ከዚያ በሳምንት ሁለቴ አንድ ቢሮ መሄድ ጀመረ፤ አንድ ቀን እማዬ ሥራ ስለነበረባት እኔም አብሬው ሄጄ ጠረጴዛው ጋ ወረቀት ላይ ሲፈርም በዓይኔ አየሁ። ቦታው የእጅ ማሠልጠኛ ክሊኒክ ነበር። ለእኔ ግን የፈረመ ፈርሟል።

ሚያዝያ ላይ መወርወር ጀመረ። ከአፓርትማው ጀርባ ሣር ያለበት ሰፊ ሜዳ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው የደረቀ ጭድ ይሸታል። አጥሩ ላይ አሮጌ ፍራሽ አስደግፎ እሱ ላይ ይወረውራል። የእኔ ሥራ ኳሱን መልቀምና መቁጠር ነበር። ሐኪሞቹ በየቀኑ ስንት መወርወር እንዳለበት ጽፈው ሰጥተውታል፤ አንዲት እንኳ ማለፍ የለበትም፤ ካለፈ ጅማቱ እንደገና ይበጠሳል። ሳሚ በአማርኛ ቁጠሪልኝ አለኝ። እሱ ራሱ ከሠላሳ በላይ ጠፍቶበት ነበር። አርባን ከአራት ጋር፣ ሰባን ከሰባት ጋር እያገናኘሁ አስተማርኩት። ኳሱ ፍራሹ ላይ ሲያርፍ ዱም ይላል፤ ከፍራሹ አቧራ ቦለል ይላል፤ እኔ አርባ ሁለት እላለሁ፤ እሱም ሊወረውር ክንዱን ወደ ኋላ እየሳበ አርባ ሁለት ይላል።

ትምህርት ቤት እንደተዘጋ፣ አንድ ጠዋት ኩሽና ሆነን ስልክ ተደወለለት። እሺ ጌታዬ፣ ገብቶኛል፣ አመሰግናለሁ እያለ በእንግሊዝኛ አወራ። ሲጨርስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ አስቀመጠውና ለእማዬ «ሪሊዝ አደረጉኝ» አላት።

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አባባ እንዳይሰማ» አላት።

«እንዳይሰሙ በል» አለችው፤ ከዚያ ሄዳ አቀፈችው።

እኔ ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ቁርሴን ቀጠልኩ። ሳሚ ተፈቷል። ለምን እንዳዘኑ ግን አልገባኝም። ቆይቼ፣ መጀመሪያውኑ ታስሮ እንደነበር አባባ እንዳያውቁ አፍረው ነው ብዬ ደመደምኩ። እንግዲያው ለአባባ አልናገርም። ለሌላ ሰው አትናገሪ ግን ማንም አላለኝም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ እትዬ ብርሃኔ ጠሩኝ። እትዬ ብርሃኔ የማንንም ልጅ ስምና ክፍል የሚያውቁ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ዳቦ የማይጠፋ ሴት ናቸው። ያ ኳስ ተጫዋች አጎትሽ ዛሬስ የት ከተማ ነው ብለው ጠየቁኝ። እዚህ ነው፣ ሪሊዝ አደረጉት፣ እጁ ላይ ያሰሩትንም አወለቁለት፣ አሁን መፈረም ብቻ ነው የቀረው አልኳቸው። እትዬ ብርሃኔ ፊታቸው ተለዋወጠ። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝና ራሴን እየዳበሱ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገሪ የኔ ልጅ አሉኝ። ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ዳቦዬን በላሁ።

ሁለት ሳምንትም አልፈጀም። አየር ማረፊያ ከአባባ ጋር የሚሠሩት አብዛኞቹ የእኛው ሰዎች ናቸው። አንድ ቀን አባባ ማረፊያ ክፍል ሲገቡ ወሬው ቆመ። ሁልጊዜ በመኪናቸው የሚያመጧቸው አቶ ግርማ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ አይዞህ ተክሌ፣ የእኔም የወንድም ልጅ ታስሮ ነበር፣ ያልፋል አሏቸው። አባባ ምን እንደመለሱ አላውቅም። ቤት ሲገቡ ግን ጫማቸውን አወለቁ፣ ሳሚ እራት ቀርቧል ሲላቸው በልቻለሁ አሉና ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሳሚ ጋር አንድ ትሪ ላይ አልቀረቡም። ሰላም ሲላቸው እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ፤ ሌላ ቃል የለም። ሳሚ ከቡድኑ መሰናበቱን የሰሙ መሰለውና እሱም ዝም አለ። አባባ ልጃቸው እስር ቤት ከርሞ የመጣ መሰላቸው፤ ዘጠኝ ቡድን ያባረረው በምን እንደሆነም በመጨረሻ የገባቸው መሰላቸው። ሁለቱ በአንዲት ጠባብ አፓርትማ ውስጥ፣ ሻወሩን እንኳ እየተጠባበቁ፣ የተለያየ ነገር ይዘው ይተላለፉ ነበር። እማዬ መሐል ሆና አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ ሻይ ትወስዳለች።

እኔ ነገሩን ያወቅሁት ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። ለእማዬ ከማድረቂያው የወጣውን አንሶላ ጫፍ ይዤላት እያጣጠፍን፣ አባባ አጎቴን ለምንድን ነው የማያናግሩት ብዬ ጠየቅኋት። ሥራ መፍታቱን ሰምተው ነው መሰለኝ አለችኝ። እንዴት ሥራ ፈታ ስላት፣ ሪሊዝ አድርገውት የለም እንዴ፣ ቡድኑ በቃኸን ብሎታል፣ እጁ እስኪድን አንጠብቅም ብለዋል አለችኝ። አንሶላውን አጣጥፈን ጨረስን። ሙቅ አንሶላ ደረቴ ላይ ታቅፌ እማዬን ተከተልኳት። ደረጃውን ስንወጣ የእትዬ ብርሃኔ ፊት፣ ዳቦው፣ የአባባ የተዘጋ በር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። እኔ ነኝ።

አምስት ቀን ያዝኩት። ሆዴን ያመኝ ጀመር፤ እማዬ የወተት ነው ብላ ወተት ከለከለችኝ። በስድስተኛው ቀን ሜዳው ላይ ሳሚ ሲወረውር እየቆጠርኩ ሠላሳ ስምንት ካልኩ በኋላ ሃምሳ አልኩ። ክንዱን አንስቶ እንደነበረ ቆመ። ከሠላሳ ስምንት በኋላ ሃምሳ ነው እንዴ አለኝ። ማልቀስ ጀመርኩ። ጓንቱን አውልቆ መጥቶ ሣሩ ላይ አጠገቤ ቁጭ አለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ የልጅቷን ወንድም፣ ቀለበቱን፣ ፊርማውን፣ እትዬ ብርሃኔን። መጀመሪያ እስኪያስለው ሳቀ፤ በጀርባው ተንጋሎ ሳቀ። ከዚያ ድንገት ተነስቶ ተቀመጠ።

«አባባ ይኼን ነው የሰሙት?»

አዎ አልኩት።

ጓንቱን ከሣሩ ላይ አነሳ። ከዚያ ተነሽ፣ ከሥራ ሳይወጡ እንድረስባቸው አለኝ።

በእማዬ መኪና ወደ አየር ማረፊያው ሄድን። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከተራራዎቹ በኩል ጥቁር ደመና እየመጣ ነበር። አባባ የሥራ ሰደርያቸውን እንደለበሱ ወጥተው፣ በአቶ ግርማ ፈንታ እኛን ሲያዩ አንድ ሰው የሞተ መሰላቸው። እናትሽ ደህና ናት ወይ አሉኝ። ደህና ናት አልኳቸው። የፊት ወንበር ላይ ገቡ። ትንሽ እንደነዳን ሳሚ ሰው ለመቀበል የመጡ መኪኖች ቆመው የሚጠብቁበት ሜዳ ውስጥ ገብቶ ፓርክ አደረገ። ወዲያው በረዶ መውረድ ጀመረ፤ የዴንቨር የሰመር በረዶ፣ እንደ ሽንብራ ጀምሮ እንደ እንቁላል የሚሆነው። ጣሪያው ላይ ሲያርፍ መነጋገር አይቻልም ነበር። መውጣትም መንዳትም አይቻልም። ሦስታችንም ወደ ፊት እያየን ተቀመጥን። ቀለል ሲል ሳሚ ዞሮ አየኝ።

«አባባ» አልኩ፣ «አጎቴ ሳሚ ታስሮ አያውቅም። ታስሯል ያልኩት እኔ ነኝ። ሪሊዝ ሲል ከእስር ቤት መስሎኝ ነው።»

አባባ ወደ እኔ አልዞሩም። ወደ ሳሚ ነው የዞሩት።

«ታስረህ አታውቅም?»

«አላውቅም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም፣ አባባ። ቡድኑ ነው ያሰናበተኝ። ሥራ የለኝም። ከሰኔ ጀምሮ ደብቄሃለሁ።» አንተ ማለቱን ያን ቀን ያረመው የለም።

«ሥራ የለኝም ነው? ያ ብቻ ነው?»

«ያ ብቻ ነው።»

«ተመስገን» አሉ አባባ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አደረጉና ደግመው፣ ለራሳቸው፣ «ተመስገን አምላኬ» አሉ።

ሳሚ ይህን ቃል ለመናገር ሳምንታት ፈርቶ ነበር። አባቱ ሥራ በማጣቱ አምላክ ሲያመሰግኑ ሲሰማ ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣና ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። አባባ እጃቸውን ጀርባው ላይ ጣል አደረጉ፤ እንደ ማያውቁት ሰው ጀርባ፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ አባባ እሳቸውም የያዙትን አወጡ። በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መንገደኛ በተሽከርካሪ ወንበር ገፍተው ነበር፤ ጣቶቻቸው ሁሉ በየአቅጣጫው የተጣመሙ። ሰውየው በወጣትነታቸው ቤዝቦል ተጫዋች ነበሩ፤ ካቸር፣ ከፒቸሩ የሚወረወረውን የሚቀልቡት። ጣቶቻቸውን ያጣመመው እሱ ነው። በረራው ስለዘገየ በሩ አጠገብ አብረው ተቀምጠው ቆዩ። አባባ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ማንንም ያልጠየቁትን ጥያቄ ለእኚህ መንገደኛ በዚያ በጥንቃቄ በሚመርጡት እንግሊዝኛቸው ጠየቁ። አንድ ሰው ዘጠኝ ቡድን ካባረረው ምን አድርጎ ነው አሏቸው። ሰውየው፣ ግራኝ ነው ወይስ ቀኝ ብለው ብቻ ጠየቁ። ግራኝ ነው ሲሏቸው፣ ታዲያ ዘጠኝ ቦታ እሱን አምጡልኝ ያለ ሰው አለ ማለት ነው፣ እኔን የፈለጉኝ ሁለት ቡድኖች ብቻ ናቸው አሏቸው። ዋናው ሊግ አስራ አንድ ቀን ቆይቷል ሲሏቸው ደግሞ ሰውየው የተጣመመ እጃቸውን ዘርግተው የአባባን እጅ ጨበጡ። እሳቸው አንድም ቀን እዚያ አልደረሱም ነበር።

«አላወቅሁም ልጄ» አሉ አባባ። «አስራ ሦስት ዓመት፣ ሳዝንብህ የከረምኩት አጥፍተህ ያባርሩሃል ብዬ ነው።»

«እኔም የደበቅኩት ያፍሩብኛል ብዬ ነው» አለ ሳሚ።

በረዶው አቁሞ ስንወጣ የእማዬ መኪና ጣሪያ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሆኖ ነበር። እማዬ ስታየው እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ ከዚያ አባባና ሳሚ አንድ ትሪ ላይ ሲቀርቡ አየችና ስለ መኪናው ሳትናገር ወጥ ጨመረች።

በሚቀጥለው እሑድ አባባ እጄን ይዘው ወደ እትዬ ብርሃኔ ወሰዱኝና ስህተቴን እንድናገር አደረጉ። ተናገርኩ። እትዬ ብርሃኔ፣ እኔ እኮ ለማንም አልተነፈስኩም አሉ። አባባ አውቃለሁ አሏቸው፤ አቶ ግርማ ከኋላቸው ጣሪያውን ያዩ ነበር። ሆዴ የዚያኑ ዕለት ዳነ፤ ወተትም ተፈቀደልኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ቡድን ሊያየው ሰው ላከ። ተጫዋች የሚመለምል ሰው ነው፤ ካቸርም ይዞ መጣ። ቦታው እዚሁ ኦሮራ ያለ የሃይስኩል ሜዳ ነበር። አባባ ፈቃድ ጠየቁ። በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቀን ከሥራ ቀሩ። እማዬ ስትነግረኝ ሳሚም እየሰማ ነበርና ወደ መስኮቱ ሄደ።

ከሽቦው ጀርባ፣ የጋለ የብረት መቀመጫ ላይ፣ አባባ፣ እማዬና እኔ ተደረደርን። አባባ ሱፍ ለብሰዋል። ልጃቸው ሲወረውር አንዴም ቆመው አይተው አያውቁም ነበር፤ ሲወረውር ሥራ ላይ ነበሩ፣ ወይም ከተማው ሩቅ ነበር፣ ወይም ማየት ፈርተው ነበር። መልማዩ ፖሊሶች የመኪና ፍጥነት የሚለኩበትን የመሰለ ነገር አውጥቶ ወደ ሳሚ ሲያነጣጥር አባባ ክንዴን ያዙ። የኳሱን ፍጥነት ነው አልኳቸው በሹክሹክታ። ያን ጊዜ ለቀቁኝ።

ሜዳችን ላይ ኳሱ ፍራሹ ላይ ዱም ነበር የሚለው። እዚህ ግን የካቸሩ ጓንት ላይ እንደ ተሰበረ እንጨት ጮኸ። አባባ በእያንዳንዱ ብርግግ አሉ። ሳሚ አንድ እግሩን ያነሳል፣ ሰውነቱ ሁሉ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ያ ረጅም ግራ እጁ ከኋላ ይመጣል፤ ፊቱ እኔ የማውቀው ፊት አይደለም። ከብዙ ኳስ በኋላ አባባ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ሽቦውን ጨበጡ።

«ይህን ነው አስራ ሦስት ዓመት የሚሠራው?» አሏት እማዬን።

«አዎ አባዬ።»

«የሚቀልበው ሰውዬ ደህና ነው?»

ደህና ነው አለቻቸው። መልማዩ የሆነ ነገር ጻፈ፣ ሳሚን ጨበጠ፣ እንደውላለን አለና መኪናው ውስጥ ገባ። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ሳሚ ወደ ሽቦው መጣ፤ ካናቴራው ላብ በላብ ሆኗል። አባባ በሩን ዞረው ሄደው አጠገቡ ቆሙ። የግራ እጁን ያዙና ክርኑ ላይ ያለውን ረጅም ጠባሳ በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳበሱት።

«አመመህ?»

«አላመመኝም።»

«እውነቱን ንገረኝ።»

«እውነቴን ነው አባባ። አንድም ቦታ አላመመኝም።»

«እንግዲያው ሥራህን ጨርሰሃል» አሉት። «ከፈለጉህ ይደውሉ። ካልደወሉም ቤትህ ነህ።»

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ደወሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ፈረመ፤ አስረኛ ቡድኑ ሆነ። የተተካው ጅማትም ያዘለት። እማዬ ስልኩን ሰምታ እልል ስትል ጎረቤት ግድግዳ መታ።

እኔ ግን ከዚያ ሰመር ሁሉ ይበልጥ የቀረልኝ ከሜዳው የተመለስንበት መንገድ ነው። እማዬ ትነዳለች፤ ሳሚ ፊት ወንበር ላይ ነው፤ አባባና እኔ ኋላ። ሁለተኛው የትራፊክ መብራት ላይ ሳንደርስ ሳሚን እንቅልፍ ወሰደው። ራሱ መስኮቱ ላይ ዘንበል ብሎ፣ አፉ ተከፍቶ፣ ግራ እጁ ጭኑ ላይ መዳፉ ወደ ላይ ተዘርግቶ። እማዬ ሬዲዮውን ዝቅ አደረገች፣ ከዚያ አጠፋችው። ጎርባጣ ቦታ ሲመጣ እንቁላል እንደጫነች ቀስ አለች። አፓርትማው በር ላይ ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች። ማንም በር አልከፈተም። ልናገር ስል አባባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አዩኝ። መስኮቶቹን ዝቅ አድርገን፣ እሱ ራሱ እስኪነቃ ድረስ፣ ቁጭ ብለን ጠበቅነው።